ክርክር፦ ዓለም እየታመሰ ተራውን ሰው «አክሲዮን ግዛ» ማለት ልክ ነው?

የቡሬው በርበሬ

እንዴት ሰነበታችሁ የጎጃም ልጆች። ይቺ ነገር ሆዴን ስትበላኝ ከረመች።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሀል ከረባት ያሰሩ ሁለት ልጆች መጡ። ወረቀት በተኑ። አክሲዮን ግዙ፣ ገንዘባችሁ ይውለድ ይላሉ። እኔ ዘንድሮ በርበሬ ሸጬ ጥቂት ብር ይዣለሁ። የቀረው ዛላ ገና ግቢ ላይ ተሰጥቷል። ማታ ራዲዮ ስከፍት ደግሞ ዩክሬን ነው፣ መካከለኛው ምሥራቅ ነው፣ አንድ አውንስ ወርቅ 4 ሺህ ዶላር አለፈ ነው። የራሳችንንም መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ተራውን ሰው አክሲዮን ግዛ ብሎ መቀስቀስ ልክ ነው ወይ? እኔ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። አሳምኑኝ። ስድብ የለም። ፖለቲካ የሚያመጣ ካለም ከግሩፑ አስወጣለሁ፣ ቅር እንዳይለው።

መምህር ከማርቆስ

እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሁሉ ሲፈራ ነው ዋጋ የሚረክሰው። አንተ ራስህ በርበሬ የምትገዛው መቼ ነው? ገበያው በሞላ ቀን አይደለም እንዴ?

ኮሮና የገባ ጊዜ አስታውሱ። የአሜሪካ 500 ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ የሚለካበት ቁጥር ከየካቲት እስከ መጋቢት 2012 በአንድ ወር ገደማ ሲሶውን አጣ። ዓለም አለቀላት ተባለ። ነሐሴ ላይ ወደ ነበረበት ተመልሶ ነበር። ሰኔ 2017 ላይም እስራኤልና ኢራን ሲመታቱ ነዳጅ ዘሎ ወጣ። ከ12 ቀን በኋላ ተኩስ አቆሙ፣ ነዳጁም ወረደ። በመሀል ደንግጦ የሸጠ ሰው ነው የተቃጠለው።

ደግሞ ብር ይዞ መቀመጥ ደኅና ነው ያለው ማነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ነበር። ዛሬ ከ150 አልፏል። ፍራሽ ሥር ያለው ብር አልተነካም። የሚገዛው ዕቃ ግን ሄዷል።

የሞጣዋ

መምህር፣ አንቱ የአሜሪካን ነው የሚያወሩልን። እኔ የሞጣን ልንገርዎ።

አባቴ በሬ ሸጦ አክሲዮን ገዛ። ኩባንያው «በምሥረታ ላይ» ነበር። ያኔም ከረባት ያሰሩ ልጆች ናቸው የመጡት። ስብሰባ ተጠራ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ቢሮው ተዘጋ፣ ስልኩ አይነሳም። ደረሰኙ እስከ ዛሬ ዳዊቱ ውስጥ ታጥፎ አለ። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። አባቴ ዳዊት በደገመ ቁጥር ገልጦ ያየዋል፣ መልሶ ያጥፈዋል። አንድ ቀን አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ለዚያ ጦርነትም፣ ኮሮናም አላስፈለገውም።

መምህር ከማርቆስ

እኅቴ፣ እሱ አክሲዮን ሳይሆን ማጭበርበር ነው። ሁለቱን አንቀላቅል።

የሞጣዋ

ለአባቴ ልዩነቱን ማን ይንገረው? ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው።

ሹፌር ከደጀን

እውነቷን ነው! እኔ ደግሞ ሌላ ልጨምር። ባለፈው ዓመት ጤፍ ጭኜ መንገድ ተዘጋና 11 ቀን አንድ ቦታ ቆምኩ። ኔትወርክ የለም። ባንክ ዝግ። አካውንቴ ውስጥ ገንዘብ አለ፣ ኪሴ ውስጥ 340 ብር። ረዳቴን ምን ላብላው? አንዲት ሴትዮ በዱቤ አበላችን፣ እግዜር ይስጣት። ያን ቀን አክሲዮን ቢኖረኝ ጎማ አይሆነኝ፣ እንጀራ አይሆነኝ።

ስደተኛው የፍኖተ ሰላም ልጅ

ሹፌሩ ዋናውን ነገር ነካው። እኔ ውጭ አገር ነው ያለሁት፣ አክሲዮን አለኝ። መምህሩ ያሉት ቁጥር ትክክል ነው። ግን ስለ ራሴ ላውራ።

በዚያው በመጋቢት 2012 ሥራዬ ቆመ። ኪራይ ደረሰ። ዋጋው እንደሚመለስ ልቤ ያውቅ ነበር፣ እንዲያውም ለሚስቴ «ይመለሳል» እያልኩ ነው የሸጥኩት። የሸጥኩበት ቀን ዋጋው ከሁሉ በታች ከወረደበት ቀን ሁለት ቀን ቢርቅ ነው። እኔን የጎዳኝ የቤት ኪራዩ ነው እንጂ ገበያው አይደለም። የስድስት ወር ቀለብ ለብቻው ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ ይሄን በሳቅ ነበር የምጽፈው።

ሌላም አለ። መምህሩ የሚመለሰውን ብቻ ቆጠሩ። የማይመለስም አለ። የካቲት 2014 ሩሲያ ዩክሬን ስትገባ የሞስኮ አክሲዮን ገበያ አንድ ወር ገደማ ተዘጋ። ሲከፈትም የውጭ ሰው እንዳይሸጥ ተከለከለ። አክሲዮኑ አለህ፣ መሸጥ ግን አትችልም። ኒውዮርክም ብትሆን አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ከአራት ወር በላይ ገበያዋን ዘግታለች። ጃፓን ደግሞ ያለ ጦርነት፣ እ.አ.አ በ1989 መጨረሻ ከደረሰችበት የአክሲዮን ዋጋ ጫፍ ለመመለስ 34 ዓመት ፈጅቶባታል። በ40 ዓመቱ የገዛ ሰው አስቡት።

ባለ ዛኒጋባ

ኧረ ወረቀት በቃችሁ! ቤት ሥሩ። ባሕር ዳር መሬት ይዞ የከሰረ አሳዩኝ።

መምህር ከማርቆስ

እኔ ላሳይህ። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የት ነበርክ? አልተወለድክም መሰለኝ። በዚያው ዓመት ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ የገጠሩም መሬት ነው የተወረሰው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ወረቀታቸው አብሮ ተቀበረ። ባለቤቱም ባለአክሲዮኑም እኩል ነው ባዶ እጁን የቀረው። ስለዚህ ይሄኛው ደኅና፣ ያኛው አደገኛ ማለት አይሠራም።

የሞጣዋ

አንቱ አሁን ለኔ ነው የተከራከሩልኝ 😄

የባንክ ልጅ ከባሕር ዳር

እኔ ከነዚያ ከረባት ካሰሩት አንዱ ነኝ። ቡሬ የመጣሁት እኔ አይደለሁም ግን ሥራው ያው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የባንኬን ስም ግን አትጠይቁኝ።

ለምንድነው ገበያ ድረስ የምንመጣው? ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል፣ ማለት ባንኩ የግድ ሊኖረው የሚገባውን የባለቤቶቹን ገንዘብ፣ 5 ቢሊዮን ብር አድርጎታል። ለነባሮቹ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ እስከ ሰኔ 2018 ነው። ስለዚህ ካፒታል ማሳደግ ግድ ነው። ለኛ ለሠራተኞቹ ይሄን ያህል ሽጡ የሚል ታርጌት ይሰጠናል። ታርጌት ያለው ልጅ ደግሞ ስለ ትርፉ ነው የሚያወራው፣ ስለ መውጫው አይደለም። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ፣ አልዋሽም።

ትርፉንም ቢሆን ሰው አያሰላውም። ለምሳሌ የ1,000 ብር አክሲዮን 25 በመቶ ከፈለ እንበል። 250 ብር ነው፣ ግብሩ ሳይቀነስ። አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ1,600 ከገዛኸው ግን 250ው በአንተ 1,600 ላይ ነው የሚታሰበው። 16 በመቶም አይሞላም። በ2014 የኑሮ ውድነቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። አስሉት እንግዲህ። የባለአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ትርፉ ለካፒታል ማሳደጊያ ይዋል ካለ ጥሬ ብር አይደርስህም፣ ተጨማሪ አክሲዮን ነው የሚጻፍልህ።

አንድ ነገር ግን ለመምህሩ ልመስክር፣ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። አሁን የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን፣ ማለት ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ ለገዢ የሚነገርበትን ሰነድ፣ እዚያ አስመዝግቦ ማጽደቅ አለበት። አክሲዮን የሚገበያዩበት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያውም ጥር 2017 ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የሞጣዋ፣ የአባትሽ ጊዜ ይሄ ቢኖር ኖሮ ያ ኩባንያ አንድ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ይያዝ ነበር።

የሞጣዋ

ይሁን። ግን ያ መግለጫ ስንት ገጽ ነው?

የባንክ ልጅ ከባሕር ዳር

ብዙ ነው።

የሞጣዋ

አባቴ ዳዊት ነው የሚያነበው። ለማን ነው የተጻፈው ታዲያ?

የዋሸራ ተማሪ

ኧረ ሰም ለበስ ነገር ነው ይሄ። ሰሙ «ገንዘብህ ይውለድ»፣ ወርቁ «ገንዘብህ ለሌላው ይውለድ»። ቅኔ ቤት ስንገባ የምንማረው ሁለተኛውን መስማት ነው። በሉ ቀጥሉ፣ እኔ አክሲዮንም ብርም የለኝ።

አራሹ ከአነደድ

ሁላችሁም ብር ያላችሁ ሰዎች ናችሁ መሰለኝ። እኔ አራሽ ነኝ። ዓለም ሲታመስ አክሲዮን እንግዛ አንግዛ ትላላችሁ። እኛኮ ሳንገዛ ገብተንበታል።

ሩሲያና ዩክሬን የተዋጉ ጊዜ የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ሩሲያን አይቻት አላውቅም፣ ጦርነቷን ግን እርሻዬ ያውቀዋል። በ2015 ክረምት ደግሞ በገንዘብም ጠፋ። ቀበሌ ደጃፍ ሌሊት ተሰልፈን፣ ፌስታል ደርበን ዝናብ እየመታን አደርን። ስሜ ሲጠራ ከጠየቅሁት ግማሹን ሰጡኝ። በቆሎውን ትቼ ጤፍ ዘራሁ፣ ጤፍ ይሻላል ያለማዳበሪያ። እዚያ ገበያ ውስጥ እኔ የገባሁት ወድጄ ነው? ወጥቼስ መሸጥ እችላለሁ?

ስለዚህ መፍራት አያድነንም ባይ ነኝ። ግን በሬ ሸጦ አክሲዮን የሚገዛ ካለ አእምሮው ይመርመር። በሬ በሰኔ ነው የሚፈለገው። በሰኔ አክሲዮን አይጠመድም።

ሹፌር ከደጀን

በሰኔ አክሲዮን አይጠመድም!! ይሄን መኪናዬ ላይ አስጽፈዋለሁ።

መምህር ከማርቆስ

እሺ፣ እኔም ትንሽ ላለዝብ። በሬ ሸጦ የሚለውን እኔም አልደግፍም። ስደተኛው ልጅም የነገረን እሱኑ ነው፤ የቀለቡን ገንዘብ አክሲዮን ላይ ያዋለ ሰው ገበያውን መጠበቅ አይችልም። ግን ከዚያ ተነስታችሁ «ተራ ሰው አይግዛ» ስትሉ ነው የምንለያየው። ተራው ሰው ካልገዛ ማን ሊገዛው ነው? ያው ሀብታሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ ባንኩ የማነው ብላችሁ ታማርራላችሁ።

ጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲወጣ አንዱ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። 9,900 ብር ማለት ነው። በቴሌብር ተቀምጠህ ትገዛለህ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። ፍራቻችን ይሄን ያህል ነው።

የሞጣዋ

ፍራቻ አይደለም። እኛ ጋ ያኔ ዳታ ሲመጣ ሲሄድ ነው የከረመው። በምኑ እንግዛ?

ሹፌር ከደጀን

ገዝቼ ነበር እኔ። 33ቷን። ለልጄ ብዬ። ስለሷ አላስብም፣ እንደሌለች ነው የማያት።

ስደተኛው የፍኖተ ሰላም ልጅ

ያው እንዳልከው ነው። እንደሌለ የምታየው ገንዘብ ብቻ ነው አክሲዮን የሚሆነው።

የቡሬው በርበሬ

እሺ፣ ጀማሪው እኔ ነኝና ልናገር።

በርበሬ ከርሞ ቀለሙን እንደሚለቅ አውቃለሁ። እርጥበት ከነካው ይሻግታል። ዋጋ እስኪወጣ ብዬ አንድ ዓመት አስቀምጬ ግማሹን ለከብት እንኳ የማይሆን አድርጌ ጥያለሁ። ግን በርበሬ ሲጨንቀኝ ቅዳሜ ይዤው እወጣለሁ። በረከሰ ዋጋም ቢሆን ማታ ብሩ ኪሴ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ለካ የዋጋው መውጣት መውረድ አልነበረም፣ እሱንማ ለምጀዋለሁ። ያስጨነቀኝ የቅዳሜው ነገር ነው።

ስለዚህ የባንክ ልጅ፣ አንተን ልጠይቅህ። የኔ ሐሳብ የልጆቹን ትምህርትና የሚቀጥለውን ዓመት የመግዣ ብር ለይቼ፣ ከተረፈችው ላይ ትንሿን ልሞክር ነው። ግን ዛሬ ገዝቼ ለፋሲካ ልሽጥ ብል ማን ይገዛኛል? የት ሄጄ? በስንት ቀን ብሩ እጄ ይገባል? ያንተ ባንክ ገበያው ላይ ተመዝግቧል?

የባንክ ልጅ ከባሕር ዳር

ገና አልተመዘገበም። በሂደት ላይ ነው። እስከዚያ ገዢ ራስህ ፈልገህ፣ አክሲዮን ክፍል ሄዳችሁ፣ ውል ተዋውላችሁ ነው የሚዞረው። በስንት ቀን ገዢ ይገኛል ላልከው... ሰኞ ዋና ቢሮ ደውዬ ልጠይቅልህ።

የሞጣዋ

ልብ በሉ፣ የሚሸጠው ልጅ ራሱ ሊጠይቅ ነው።

የባንክ ልጅ ከባሕር ዳር

እውነቱን ነው የነገርኳችሁ እኮ እኅቴ። ደግሞ የአባትሽን ደረሰኝ ፎቶ አንሺና በውስጥ ላኪልኝ። ቃል አልገባም። ግን ባለሥልጣኑ አቤቱታ የሚቀበልበት ክፍል አለው፣ እንሞክር።

የሞጣዋ

ዳዊቱን እስኪያስቀምጥ ልጠብቅ። ሲደግም አይነካም።

የቡሬው በርበሬ

ሰኞ እጠብቃለሁ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ልውጣ፣ ደመናው ጠቁሯል፣ ዛላው ግቢ ላይ ነው።