«ዘር» የሚለውን ቃል በምን ልተካው?

ወገኖቼ፣ አንድ ጥያቄ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፤ እርዱኝ።

ሶሻል ወርክ ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። ጥናቴ ወደ አሜሪካ በሄዱ ሐኪሞቻችን ላይ ነው። እዚህ ስንት ዓመት ያከመ ሰው እዚያ ፈተናውን አልፎ ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰድ የሐኪም ሥልጠና) እንደ አዲስ ይጀምራል። ይሄን በደንብ ያወሩኛል።

የከበደኝ ሌላው ነው። አራት ኪሎ ካፌ ጥግ ይዤ በቴሌግራም እደውላለሁ። «በዘርህ ምክንያት የደረሰብህ ነገር አለ?» ስለው ድምፁ ይቀየራል። «እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም እህቴ» ይለኛል። እኔ የቆዳ ቀለም ማለቴ ነው፤ እሱ የሰማው ብሔር ነው። አይፈረድበትም። «ጥቁር በመሆንህ» ስለው ደግሞ «ተመስገን ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ወሬ ቀይረን ልንሰነባበት ስንል ግን አንዲት ታካሚ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ «ሌላ ሐኪም ጥሩልኝ» እንዳለችው ይነግረኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የቅጥር ደንብ ስደተኛው ባለሙያ ከአገሬው እኩል ይታይ ይላል። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ያንን እኩል መታየት ነው።

መልሱን አፉ ላይ ሳላስቀምጥለት በአማርኛ እንዴት ልጠይቀው? እንዲህ ዓይነት ቃለ መጠይቅ የሠራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ሐሙስ አማካሪዬ ጋ እቀርባለሁ።