«ጠላትህን ይበልጥ አቅርብ» የፑዞ ነው ወይስ የፊልሙ?

የአዌቱ ልጅ፦ ቅዳሜ እዚሁ ጅማ፣ ንባብ ክበባችን ውስጥ አንዱ ተነሥቶ «ማሪዮ ፑዞ በጎድፋዘር መጽሐፉ እንዳለው፣ ወዳጅህን አቅርብ፣ ጠላትህን ደግሞ ይበልጥ አቅርብ» አለና ተጨበጨበለት። ኧረ ተዉ! እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ልቦለድ ውስጥ ይቺ አባባል የለችም። የመጣችው በ1974ቱ ሁለተኛ ፊልም ነው። አሁን ጭራሽ ከነፑዞ ስም ግድግዳ ላይ ልትጻፍ ነው።

ሄርማታ፦ ታዲያ ምን ይጠበስ? የሁለተኛውንም ፊልም ስክሪፕት ፑዞ ከዳይሬክተሩ ከኮፖላ ጋር ጽፏል። የራሱን ለራሱ መስጠት ነውር ሆነ?

የአዌቱ ልጅ፦ «በመጽሐፉ» ነው እኮ የተባለው። ገልጦ ያሳየኛ!

ቡና ቁርስ፦ አትድከሙ፣ የጥንቱ ቻይናዊ የጦር ሊቅ የሰን ዙ ነው።

ጅሬን፦ መጣ ደግሞ! ባለቤት የጠፋለት ጥቅስ ሁሉ ለሰን ዙ ይሰጣል። እሱ ካልተገኘ ለማኪያቬሊ።

ሄርማታ፦ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ የሚመላለስ አንድ ባጃጅ ጥቅሱን ጀርባው ላይ «ዶን ቪቶ» ብሎ ለጥፎታል። ከሱም ጋር ተጣላ እንግዲህ።

የአዌቱ ልጅ፦ ባለባጃጁ ከክበቡ ይሻላል፣ ቢያንስ ወደ ፊልሙ ተጠግቷል። ግን የማፊያው አለቃ ቪቶ ራሱ ሲናገረው አይታይም። ልጁ ማይክል ነው ፔንታንጄሊ ቤት ሄዶ፣ ድሮ የአባቱ በነበረው ክፍል ውስጥ፣ አባቴ እዚህ ያስተማረኝ ብሎ የሚናገረው። ፔንታንጄሊ የሚባል ሰው ደግሞ ልቦለዱ ውስጥ የለም። ሌላው የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ሃይማን ሮዝም የለም። ከመጽሐፉ የመጣው ዲ ኒሮ የሚሠራው የቪቶ ወጣትነት ነው። የማይክል ታሪክ ለፊልሙ የተጻፈ ነው።

ጅሬን፦ አባቴ አስተማረኝ ካለ የአባትየው ነዋ። ልጅ በአባቱ ይዋሻል?

ቡና ቁርስ፦ ማይክል? የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ሚስቱን ዓይን ዓይኗን እያየ አይደል እንዴ የዋሻት!

ሄርማታ፦ አዌቱ፣ «ገልጦ ያሳየኝ» ብለሃል። ለመሆኑ አንተ መጽሐፉን ጨርሰኸዋል?

የአዌቱ ልጅ፦ ጨርሼዋለሁ። ያውም የክበቡን ቅጂ፣ አንተ ተውሰህ አልመልስም ያልከውን።

ሄርማታ፦ አልመልስም አላልኩም! ነገር አታምጣ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ «ጎድፋዘር ክፍል ሁለት፣ ፊልም፣ 1974» ብላችሁ ጻፉና ተገላገሉ።

ሄርማታ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ ንባብ ክበብ ግድግዳ ላይ የፊልም ጥቅስ? አይሆንም። ፑዞ ይቆይ።

የአዌቱ ልጅ፦ በለው! ፊልም ስለናቃችሁ መጽሐፉን ያላለውን ታስብሉታላችሁ። ኮፖላስ? ድራሹ ይጥፋ?

ሄርማታ፦ ኮፖላን ማን ነካው? «ፑዞ» ብቻ ይጻፍ፣ መጽሐፍ የሚለው ይውጣ። በቃህ?

የአዌቱ ልጅ፦ ንባብ ክበብ ውስጥ ፑዞ ሲባል ሰው ፊልም ነው የሚያስበው? እያወቅክ!

ጅሬን፦ ቀለሙ ተገዝቷል። እሑድ ይቀባል።

ቡና ቁርስ፦ እኔ አሁንም ሰን ዙ ነው ባይ ነኝ።