ባንኩ ፈንዱን፣ ፈንዱ ባንኩን ይጠብቃል
የመጀመሪያ ቤታችንን ለመግዛት ከባለቤቴ ጋር 11 ዓመት ቆጥበናል። ባንኩ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ በቅድሚያ እንድንከፍል ይጠይቃል፤ በእጃችን ያለው 13 በመቶ ነው። የጎደለውን የጡረታ ቁጠባዬ ይሸፍነዋል፤ ቁጠባውን የሚይዘው የጡረታ ፈንድ ደንብም የመጀመሪያ ቤት የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ከራሱ መዋጮ እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ለእርጅና ያስቀመጥኩትን መንካት ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ሌሊት ሒሳብ ሠርተን ነው የወሰንነው።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፈንዱ ገንዘቡን የሚለቀው የብድር ማጽደቂያ ደብዳቤና የተፈረመ የሽያጭ ውል ሳቀርብ ነው፤ የሚከፍለውም በቀጥታ ለሻጩ ነው። ባንኩ ደግሞ ቅድመ ክፍያው ተሟልቶ በሒሳቤ ካልታየ ብድሩን አላጸድቅም አለ። የቁጠባዬን ዓመታዊ መግለጫ ይዤ ሄድኩ፤ «ይህ በእጅዎ ያለ ገንዘብ አይደለም» ተብዬ ተመለስኩ። ፈንዱ ብድሩ ሲጸድቅ እንደሚከፍል በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ ጠየቅኩ፤ እንዲህ ያለ ቅጽ የለንም አሉኝ። ከዘመድ ተበድረን እንዳናሳይ ባንኩ የገንዘቡን ምንጭ ይጠይቃል። ሻጩ ከሰጠን 30 ቀን 12ቱ አልፈዋል።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች፣ ፈንዱ ምን ዓይነት ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ ነው ባንኩ ገና ያልወጣውን ቁጠባ እንደ ቅድመ ክፍያ የቆጠረላችሁ?