የሬጂስተር አድራሻ በየትኛው ታይፕ ይያዝ? (ሊነክስ ድራይቨር)

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለ32 ቢትም ለ64 ቢትም ኤአርኤም (የፕሮሰሰር ዓይነት) የሚሆን ድራይቨር እየጻፍኩ ነው። አይኦሪማፕ (የዲቫይሱን ፊዚካል አድራሻ ከርነሉ ወደሚጠቀምበት አድራሻ ማፕ የሚያደርግ ፈንክሽን) የሚመልሰውንም ፊዚካል አድራሻውንም በዩ32 (32 ቢት ቁጥር) ይዤ፣ ካስት አድርጌ (ታይፑን ቀይሬ) ሬጂስተሩን በቮላታይል ፖይንተር አነባለሁ። 64 ቢት ላይ ኮምፓይለሩ ስለ ካስቱ ይጮሃል። በአንሳይንድ ሎንግ ብተካው ይበቃል?

መልስ 1
አይበቃም፤ ጩኸቱን ነው የምታፍነው። ሁለቱ አድራሻዎች አንድ አይደሉም። ፊዚካሉን በፊዝ_አድር_ቲ ወይም በሪሶርስ_ሳይዝ_ቲ ያዝ። 32 ቢት ኤአርኤም ኤልፒኤኢ (ፊዚካል አድራሻን የሚያሰፋ ማሻሻያ) ሲበራለት ፊዚካል አድራሻው 40 ቢት ይሆናል፣ አንሳይንድ ሎንግ ግን እዚያው 32 ላይ ነው። ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለ ሬጂስተር ላይኛው 8 ቢት ተቆርጦ ሌላ ቦታ ማፕ ይደረጋል፤ ኮምፓይለሩም ትንፍሽ አይልም። ስታትመው %ፒኤ የሚለውን ፎርማት ተጠቀም፣ ግን ዋጋውን ሳይሆን የተለዋዋጩን አድራሻ ስጠው።

አይኦሪማፕ የሚመልሰው ቮይድ __አይኦሜም * ነው፤ እንደዚያው ይቀመጥ። በሪድኤልና በራይትኤል (ሬጂስተር በሚያነቡና በሚጽፉ የከርነል ፈንክሽኖች) ብቻ ንካው። ቮላታይል ኮምፓይለሩን እንጂ ሲፒዩውን አያስገድድም፦ ዲስክሪፕተሩ (ሥራውን ለዲቫይሱ የሚገልጸው መረጃ) ሜሞሪ ሳይደርስ «ጀምር» የሚለው ትእዛዝ ቀድሞ ዲቫይሱ ጋ ሊደርስ ይችላል። ራይትኤል ይህን በባሪየር (ቅደም ተከተል በሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ይከላከላል፣ የባይት ቅደም ተከተሉንም ያስተካክላል።

መልስ 2
ዩ32 __አይኦሜም * ማድረግም አያዋጣም። ቤዝ + 16 ስትል 16 ባይት ሳይሆን 64 ባይት ትሄዳለህ፤ በቮይድ ግን የዳታሺቱን (የቺፑን መግለጫ ሰነድ) ኦፍሴት እንዳለ ትደምራለህ። ስፓርስን (የከርነል ኮድ መፈተሻ ፕሮግራም) ጭነህ ሜክ ሲ=2 ብለህ ኮምፓይል አድርግ፤ __አይኦሜምን የሚፈትሸው እሱ ነው።

ለዲኤምኤ (ዲቫይሱ ራሱ ሜሞሪ የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ) ባፈር ደግሞ ዲኤምኤ_አድር_ቲ አለ። አይኦኤምኤምዩ (ለዲቫይሶች አድራሻ የሚተረጉም ሃርድዌር) ባለበት ዲቫይሱ የሚያየው አድራሻ ከፊዚካሉ ይለያል፣ አታቀያይራቸው።

ጠያቂው
ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። በሁለት 32 ቢት ሬጂስተር የተከፈለ 64 ቢት ቆጣሪም አለኝ፤ ሪድኪው (64 ቢት በአንዴ የሚያነበው ፈንክሽን) ይሠራል?

መልስ 1
32 ቢት ኤአርኤም ላይ ሪድኪው የለም። ለሁለት ከፍሎ የሚያነብ ሄደር አለ፣ ግን በሁለቱ ንባብ መሃል ታችኛው ሞልቶ ወደ ዜሮ ከዞረ ቁጥሩ በ4 ቢሊዮን ገደማ ይዛባል። ላይኛውን አንብብ፣ ታችኛውን አንብብ፣ ላይኛውን ድገም፤ ከተለወጠ እንደገና ጀምር። አንዳንድ ቺፕ ታችኛው ሲነበብ ላይኛውን ራሱ ቆልፎ ይይዛል፤ እንደዚያ ከሆነ ታችኛውን አስቀድም፣ ድግግሞሹም አያስፈልግም። ዳታሺቱን እይ።