የሠዓሊ ወይም የአሳቢ ሕይወት ለማወቅ ከየት ትጀምራላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ የተጻፈ አንድ የሕይወት ታሪክ ትናንት ማታ ጨረስኩ። ጆሮውን የቆረጠበት ሌሊት ገጽ በገጽ ተተርኳል፤ ሥዕል ሲሠራ ግን አላየሁትም። ሰውየው ጠፋብኝ። እናንተ ከየት ትጀምራላችሁ?

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ጀምር ወንድሜ። ለወንድሙ ለቴዎ ከጻፋቸው ውስጥ ከ600 በላይ ተርፈዋል። ቀለም ላክልኝ ይላል፣ ሸራ አለቀብኝ ይላል፣ የጀመረውን ሥዕል እዚያው ወረቀቱ ላይ ይነድፍለታል። ሠራተኛውን የምታገኘው እዚያ ነው። የቴዎን ሚስት ዮሃናንም አትለፋት። ቪንሰንት በ1890 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ቴዎም በስድስት ወሩ ተከተለው። እሷ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ታቅፋ ቀረች፤ በዘመኑ ብዙ ሰው ያልፈለጋቸውን ሥዕሎች ጠበቀች፣ ደብዳቤዎቹንም በ1914 አሳተመች። እሷ ባትኖር ስለ እሱ ዛሬ ባልተወያየን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ግን ጽሑፉን ለኅትመት ማን እንዳዘጋጀውም እዩ። የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊን የራሱን ታሪክ በ1876 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቡ ብሎ ጻፈ። ከሞተ በኋላ በ1887 ሲታተም ስለ ሃይማኖት የጻፈው ተቆርጦ ነበር፤ የልጅ ልጁ ኖራ ባርሎው በ1958 መለሰችው። ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን ሳነብ በጣም ነው የደነገጥኩት። ከዚያ ወዲህ መግቢያ ሳላነብ አላልፍም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ደብዳቤዎቹን እጀምራለሁ።