«ሃንሰም» ውስጥ እጅ ምን ይሠራል?

— በእንግሊዝኛ «ሃንድ» እጅ ነው፤ «ሃንሰም» ደግሞ መልከ መልካም። እጅና መልክን ምን አገናኛቸው? መጨረሻው ላይ ያለው «ሰም»ስ «ጥቂት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው?

— መልክ ኋላ የመጣ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ «ለእጅ የሚመች፣ ለመያዝ የማያስቸግር» ማለት ነበር። በ16ኛው «ተስማሚ፣ ተገቢ» ወደ ማለት ሰፋና ወደ ማብቂያው ለመልክም ዋለ። ለገንዘብም ያገለግላል፤ እኛ «ዳጎስ ያለ ክፍያ» የምንለው ነው። «መልከ መልካም ክፍያ» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም!

መጨረሻው ላይ የተቀጠለው ባዕድ መድረሻ «ሰም» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሱም» የወረደ ነው (ከሻማው ሰም ጋር ዝምድና የለውም)። የጀርመንኛው «ላንግዛም»፣ ማለትም ዝግተኛ፣ የያዘው «ዛም» ወንድሙ ነው። ስም ወይም ግሥ ላይ ተቀጥሎ «ያ ጠባይ ያለበት» የሚል ቅጽል ያወጣል። በአማርኛ ግን አንድ ቋሚ አቻ አትፈልጉለት፦ «ኳረልሰም» ጠበኛ፣ «ታየርሰም» አሰልቺ ነው። አንዱ «ኛ» ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ከግሥ ይወጣል።

— «ፎርሰም»ስ? አራት ሰዎች ማለት ነው፤ ጠባይ የለበትም።

— እሱ ሌላ ነው። ከቁጥር ኋላ የሚመጣው በእርግጥም ያ «ጥቂት» የሚሆነው ቃል ነው። «ክሮሞሶም» (በሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር ውርስ ተሸካሚ) ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፤ ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ቫልዳየር በ1888 ከግሪክኛ ያወጣው ስያሜ ሲሆን «ሶማ» አካል ነው።

ቅጥያውን ነቅሎ የቀረውን ዛሬ በምናውቀው ቃል መፍታትም ያሳስታል። «ኖይሰም» (አስጸያፊ) ጩኸት ከሚለው «ኖይዝ» አልመጣም፤ ማስቸገር ከሚለው «አኖይ» ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚባለውም ለመጥፎ ሽታ ነው። «ዊንሰም»ም (ማራኪ) ማሸነፍ ከሚለው የዛሬው «ዊን» አልወጣም፤ ሥሩ ደስታ የሚለው ጥንታዊ ቃል «ዊን» ነው። ይኸው ቃል ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለ«ው» ድምፅ ይጽፈው የነበረው ፊደል ስም ነበር።

ከሁሉ የተደበቀው «ባክሰም» ነው። በኤክስ ስለሚጻፍ ቅጥያው ዓይን ውስጥ አይገባም። ሥሩ ማጎንበስ ነው፤ መጀመሪያ «ታዛዥ» ነበር፣ ቀጥሎ «ፍልቅልቅ» ሆነ፣ ዛሬ ደረተ ሙሉ ሴት ይባልበታል። የድሮ ጽሑፍ ላይ «ባክሰም ሚስት» ካጋጠማችሁ ስለ ሰውነቷ እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዘመን እዩ።