የእርጎ ሥራ ዕቅዴ «ገዢሽ ማን ነው?» ተብሎ ተመለሰብኝ፤ ከየት ጀምሬ ላስተካክለው?

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። ለሥራ ፈጠራ ትምህርት ብዬ የጀመርሁትን፣ ከምረቃ በኋላ ግን ከእናቴ ጋር በእርግጥ ልሠራበት ያሰብሁትን የእርጎና የአይብ ማቅረቢያ ሥራ ዕቅድ በ32 ገጽ ጽፌ አስረክቤ ነበር። መግቢያው እንዲህ ይላል፦ «ሀገራችን ኢትዮጵያ በእንስሳት ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደመሆኗ መጠን፣ ይህንን እምቅ ሀብት ወደ ልማት በመለወጥ ረገድ የሥራ ፈጠራ ሚና የማይተካ መሆኑ ይታወቃል።» መምህሬ ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ገዢሽ ማን ነው?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። በቀን 40 ሊትርን በ365 አባዝቼ በዓመት 14,600 ሊትር እሸጣለሁ ያልሁበትን ቁጥርም አክብበውበታል፤ ምክንያቱን ግን አልጻፉም።

ትምህርቱን የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለቁርስ ቤቶችና ለአበዳሪ ተቋም በአማርኛ ልጽፍ ስቀመጥ ሐሳቤ ሁሉ የበዓል ንግግር እየመሰለ አስቸግሮኛል። ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የወተት ተዋጽኦ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ መምህርሽ ቁጥሩን ያከበቡበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነው። በ365 ያባዛሽው ጾምን ሳታስቢ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 የሚጾመው የነቢያት ጾም 44 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ነው። ሦስቱ ብቻ 114 ቀን ይሆናሉ። ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር፣ በሌሎቹ ሳምንታት የሚውሉትን ረቡዕና ዓርብ ብትጨምሪበት፣ አንዳንድ ዓመት የሚረዝመውን አንዳንድ ዓመት የሚያጥረውን የሐዋርያት ጾም ሳትቆጥሪ እንኳ፣ ወደ 170 ቀን ይጠጋል። በእነዚህ ቀናት እርጎ የሚገዛ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሕፃናት ያሉበት ቤትም ሙስሊም ወገኖቻችንም ይገዛሉ። ቁርስ ቤቶች ግን ትእዛዛቸውን እጅግ ይቀንሳሉ፤ ላም ደግሞ በጾምም በፍስክም ትታለባለች።

እኔ በጀመርሁበት ዓመት ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጀሪካን እርጎ ደፍቻለሁ። የወተቱን ዋጋ ለገበሬዎቹ ከፍዬ ስለነበር፣ ሽታው ከጓሮዬ ሳይጠፋ ዕዳዬን ስቆጥር ከረምሁ። ከዚያ ወዲህ የጾሙን ወተት እንጠዋለሁ፤ ቅቤውን አንጥሬ አስቀምጬ፣ ሰው ለዶሮ ወጥ ሲሯሯጥ በፋሲካና በገና ዋዜማ አወጣዋለሁ። ስለዚህ ዕቅድሽ ውስጥ የፍስክ ሽያጭና የጾም ሽያጭ ለየብቻ ይጻፉ። የደብረ ብርሃንን ብርድም አትርሺ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ወተቱ ለመርጋት ስለሚዘገይ፣ በአንድ ቀን ይደርሳል ብለሽ ቃል የገባሽው እርጎ ሊያሳፍርሽ ይችላል።

«ገዢሽ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከቤተ መጻሕፍት አይገኝም። ደብተርሽን ይዘሽ ቁርስ ቤቶቹን ዙሪያቸው። በቀን ስንት ሊትር እንደሚገዙ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅባቸው፣ የሚከፍሉት እጅ በእጅ ይሁን በዱቤ ጠይቂ። እርጎሽን ወይራ በታጠነ ዕቃ የምታረጊ ከሆነም አስቀምሻቸው፤ ጣዕሙን የሚያውቅ ሰው ከ32 ገጽ ይልቅ በአንድ ብርጭቆ ያምንሻል።

የብድር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ከላይ የተሰጠሽ ምክር ትክክል ነው። በሥራዬ የተማሪዎችን ዕቅድ ስመለከት ደጋግሜ የማገኘው ስሕተት፣ ከቤተሰብ የሚገኘው ግብአት በነፃ መቆጠሩ ነው። እናትሽ የምታቀርበውን ወተት በገበያ ዋጋ ገዝተሽው እንደሆነ አድርገሽ አስቢ፤ ያለዚያ ትርፍ ብለሽ የምትጽፊው ገንዘብ በእውነቱ የእናትሽ የድካም ዋጋ ነው። ላም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ስለምትነጥፍ፣ ሁለት ላሞች ቢኖሯችሁ እንኳ ወተቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሆንም። ለፉርሽካና ለፋጉሎ የሚወጣው ወጪም ይግባ፤ ድርቆሽ አጨዳው ባለቀበት ሰሞን ተገዝቶ ካልተከማቸ ግንቦትና ሰኔ ላይ እንደሚወደድ ታውቂያለሽ።

ለአበዳሪ የምታቀርቢው የገንዘብ ፍሰት ሰንጠረዥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በየወሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ያሳይ። በዐቢይ ጾም ወራት ገቢሽ እንደሚቀንስ አስቀድመሽ ጽፈሽ፣ በእነዚያ ወራት የምትመልሽው ገንዘብ አነስ እንዲል ብትጠይቂ፣ እኔ በበኩሌ ያንን እንደ ድክመት አላየውም፤ ሥራዋን ታውቀዋለች እላለሁ። ዋስትናን በተመለከተ፣ ቤት የሌለው ሰው ሁሉ ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የቁም እንስሳትንና የሥራ ዕቃን የመሰለ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። አሠራሩ ከተቋም ተቋም ስለሚለያይ ግን የምትሄጂበትን ተቋም አስቀድመሽ ጠይቂ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስድስት ቁርስ ቤቶችን ጠይቄ ተመልሻለሁ። አንደኛዋ ባለቤት እርጎ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንደሚያልቅባቸው ነገሩኝና «በደብዳቤ አምጪልኝ» አሉኝ። የጻፍሁት ይህ ነው፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጥራቱን የጠበቀና ተወዳዳሪ የሆነውን ምርታችንን ለተከበረው ድርጅትዎ ለማቅረብ ያለንን ከፍተኛ ፍላጎት እገልጻለሁ።» አሁንም አልጣመኝም፤ ምን እንደጎደለው ግን አላወቅሁትም።

የጽሕፈትና የቢሮ አስተዳደር መምህርት፣ አዳማ

ውድ ተማሪ፣ ሰላምታው አልከፋም፤ በአማርኛ ደብዳቤ ሰላምታ መቅረት የለበትም። የጎደለው፣ ሴትዮዋ የነገሩሽ ነገር ነው። «ከፍተኛ ፍላጎት» ያልሽው የአንቺ ፍላጎት ነው፤ እርሳቸው ማንበብ የሚፈልጉት ግን ስንት ሊትር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዋጋ የሚለውን ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ጉዳዩ፦ በየጠዋቱ 10 ሊትር እርጎ ስለማቅረብ

ባለፈው ማክሰኞ ቁርስ ቤትዎ መጥቼ ሳነጋግርዎ፣ እርጎ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንደሚያልቅብዎ ገልጸውልኛል። እኛ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር በየቀኑ ከጠዋቱ 12፡30 በፊት 10 ሊትር እርጎ በተከደነ ዕቃ ማድረስ እንችላለን። በጾም ወራት መጠኑን እንደ ፍላጎትዎ እንቀንሳለን። ጣዕሙን አይተው እንዲወስኑ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በየቀኑ 2 ሊትር ያለ ክፍያ እናቀርባለን።»

ከዚህ በታች የሊትሩን ዋጋ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናና ክፍያው በየስንት ቀኑ እንደሚሆን አስገቢ፤ በዱቤ የሚሰጥ ከሆነ ከአንድ ሳምንት አይለፍ። 10 ሊትሩን በየጠዋቱ ማድረስ እንደምትችሉ ከእናትሽ ጋር ሳትመካከሪ አትፈርሚበት። ዕቅድሽም በዚህችው ቁርስ ቤት ይጀምር፤ ስለ ሀገሪቱ የእንስሳት ሀብት የጻፍሽው አንቀጽ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

እናቴን ዛሬ ማታ አነጋገርኋት፤ አንደኛዋ ላም በቅርቡ ስለምትነጥፍ ለጊዜው 10 ሊትሩን ወደ 7 ዝቅ እንድናደርገው ነገረችኝ። እንዲያ አስተካክዬዋለሁ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ቁርስ ቤቷ ሥራ አይበዛባትም፤ ደብዳቤውን የምወስደው ያኔ ነው።